የማን ማይክሮን?

ፖሊሽ መኪና ላይ ምንም አይጨምርም። ብዙዎቻችን አንድ የሚያበራ ነገር ላዩ ላይ የሚቀባ ይመስለናል። ቅባቱ ይደረጋል፣ ማሽኑ ይዞራል፣ መኪናው ያበራል፤ ስለዚህ ብርሃኑ ከቅባቱ መጣ እንላለን። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ቅባቱ ውስጥ ዱቄት የመሰለ ሞራጅ አለ፤ እሱ ከላይ ያለውን ሽፋን በጣም በስሱ ይፍቀዋል። መኪናው የሚያበራው ስለተጨመረለት ሳይሆን ስለተቀነሰለት ነው።

ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔን ግን ሳምንታት አስቦኛል፤ ምክንያቱም መቀነስ ካለ የሚቀነስበት ሰው አለ።

መጀመሪያ ነገሩን እንየው። ዘመናዊ መኪና ላይ ከብረቱ ጀምሮ ዝገት የሚከላከል ሽፋን፣ ከዚያ ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለሙ፣ በመጨረሻ ክሊር ኮት የሚባለው ብርጭቆ መሰል ግልጽ ሽፋን ይደራረባሉ። ሁሉም ተደምሮ ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ነው። ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር ሺኛ ናት። ክሊር ኮቱ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን አካባቢ፣ ማለትም ከአንድ የራስ ጸጉር ውፍረት ያነሰ ነው። ቀለል ያለ ፖሊሽ ከዚህ ላይ አንድ ሁለት ማይክሮን ይወስዳል፤ ጠንከር ያለው ከዚያ በላይ። ሲያልቅ ያልቃል። ተመልሶ የሚሞላበት መንገድ የለም፣ እንደገና ማስቀባት ካልሆነ በቀር።

ይህ ሽፋን ለጌጥ ብቻ የተረጨ አይደለም። ከሥሩ ያለውን ቀለም ከፀሐይ የሚከላከለው እሱ ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከባሕር ወለል በየ1000 ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ወደ 2400 ሜትር ላይ፣ ያውም ከምድር ወገብ ብዙ ሳትርቅ ተቀምጣለች። ኮፈናቸውና ጣሪያቸው እንደ ታመመ ቆዳ ነጭ ነጭ እያለ የተላጠ መኪኖችን መንገድ ላይ የምታዩት ያለ ነገር አይደለም። ክሊር ኮቱ አልቆ ነው። ከፊሉን ፀሐይ በላው፤ ከፊሉን ደግሞ ማን እንደበላው የሚያውቅ የለም።

አሁን ወደ ጭረቱ። ጭረት ቀለሙ ላይ የተቀመጠ ነገር አይደለም። ጭረት ጉድለት ነው፤ አንድ ነገር የነበረበትና አሁን የሌለበት ቦታ። ቆሻሻን ማንሳት ይቻላል፣ ጉድለትን ግን ማንሳት አይቻልም። ፖሊሽ ጭረትን «ያጠፋል» ስንል በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ጤነኛ ሽፋን በሙሉ ወደ ጭረቱ ወለል ማውረዱ ነው። የጎደለውን ለመደበቅ ያልጎደለውን ማጉደል። ሁሉም እኩል ዝቅ ሲል ብርሃን በአንድ አቅጣጫ ይመለሳል፣ ዓይናችንም «አዲስ» ይለዋል።

(በነገራችን ላይ ጥቁር መኪና ፀሐይ ላይ ሲቆም የሚታየው እንደ ሸረሪት ድር ክብ ክብ የሚል ጭረት በእውነት ክብ አይደለም። ወደ ሁሉም አቅጣጫ የተበተኑ ጥቃቅን ጭረቶች ናቸው። ከነሱ መካከል ብርሃኑን አቋርጠው የተኙት ብቻ ወደ ዓይናችን ስለሚያንጸባርቁ ፀሐይዋን የከበቡ ይመስላሉ። ቦታ ስትቀይሩ ክቡም አብሯችሁ ይሄዳል። ስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ኮፈን ላይ ሞክሩት።)

እንግዲህ ከፖሊሽ በፊት ያለው ዝግጅት የሚባለው ሥራ ምንድን ነው? አንድ ጥያቄ መመለስ ነው፦ ይህ የማየው ነገር ላዩ ላይ ያለ ነው ወይስ በሱ ውስጥ የጎደለ? ላዩ ላይ ያለው ሳይፋቅ ሊነሳ ይችላል። የጎደለው ግን ዋጋ ያስከፍላል። ዝግጅቱን የዘለለ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ በማሽን ይጨርሳቸዋል፤ በውሃ ሊሄድ የሚችለውን በማይክሮን ይከፍላል።

ሰፈራችን ጋራዥ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩ አንድ ጋሼ አሉ። ሃምሳ አልፏቸዋል፣ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ቀለም ሲቀቡ ኖረው አሁን የሚያጥቡና የሚፖልሹ ብቻ ናቸው። የቀለሙ ሽታ ሳንባዬን ጎዳው ይላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ማየት እወዳለሁ። ኮድ መጻፍ የሚያደክመው ሰው እጅ የሚሠራውን ሲያይ ያርፋል።

መጀመሪያ ደረቅ መኪና አይነኩም። አቧራ ማለት የተፈጨ ድንጋይ ነው፤ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ማለት ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት መጥረግ ነው፣ ልዩነቱ መጠኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃ በግፊት ይለቁበታል፣ አረፋ ያለብሱታል፣ ይጠብቃሉ። ከዚያ ሁለት ባልዲ፦ አንዱ ሳሙና ያለው፣ አንዱ ጨርቁ የሚታጠብበት ንጹሕ ውሃ። ከላይ ወደ ታች ያጥባሉ፣ የታችኛው ክፍል ጭቃ ስለሚበዛበት መጨረሻ ላይ። በአንድ ባልዲና በአንድ ጨርቅ ሙሉ መኪና የሚያጥቡት የመንገድ ላይ ልጆች ይህን ቢያውቁት ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ለነሱ ሁለተኛ ባልዲ ውሃ ማለት ሁለተኛ ጉዞ ማለት ነው፣ የምንከፍላቸውም ለአንዱ ጉዞ ነው።

ከታጠበ በኋላ የሚያደርጉት ነገር ይገርመኛል። እጃቸውን ፌስታል ውስጥ ይከቱና ኮፈኑን በስሱ ይዳስሳሉ። እናንተም ሞክሩት፤ በባዶ ጣት ልስልስ የሚል መኪና በፌስታል ሲዳሰስ ሸካራ ሆኖ ይገኛል። ፌስታሉ ጣትን ያነቃዋል። የሚሻክረው ውሃና ሳሙና ያላስለቀቀው ነገር ነው፦ ሬንጅ፣ የዛፍ ሙጫ፣ ውሃ ደርቆ የተወው ጨው፣ በተለይ ደግሞ ከፍሬን እየተፋቀ የሚበር የብረት ብናኝ። ብናኙ ትኩስ ሆኖ ያርፋል፣ ሽፋኑ ውስጥ ይቀረቀራል፣ እዚያው ይዝጋል።

ለብረቱ የሚረጩት ፈሳሽ አለ። ሲረጭ ግልጽ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ብረት ያለበት ቦታ ሁሉ ሐምራዊ ሆኖ ያለቅሳል። ሽታው እንደ በሰበሰ እንቁላል ነው። ውስጡ ያለው ታዮግላይኮሌት የሚባል ነገር ጸጉር ቤት ፐርም ሲሠራ ከሚሸተው ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ንጹሕ የመሰለ ነጭ መኪና በሁለት ደቂቃ ውስጥ የቆሰለ መስሎ ስታዩት ትደነግጣላችሁ። ሬንጁን በሌላ ፈሳሽ ያስለቅቃሉ። የቀረውን እንደ ሊጥ በሚለወስ ክሌይ፣ ቦታውን በሳሙና ውሃ እያራሱ ይጠርጋሉ፤ ክሌዩ በቆሸሸ ቁጥር እያጠፉ ንጹሕ ፊቱን ያወጣሉ። መሬት ከወደቀ አበቃ፣ ይጣላል። አሸዋ የያዘ ክሌይ መፋቂያ ነው።

በመጨረሻ ፕላስቲኩንና ጎማውን፣ የሾሉ ጠርዞችንም በወረቀት ፕላስተር ይሸፍናሉ። ማሽኑ ጠርዝ ላይ ጫናው ሁሉ አንድ መስመር ላይ ስለሚያርፍ ክሊር ኮት ቶሎ የሚበሳው እዚያ ነው። ከዚያ ትንሽ መለኪያ ያወጣሉ፤ ቆርቆሮው ላይ ሲያስጠጉት የሽፋኑን ውፍረት በማይክሮን ያሳያል። አንዱ ጎን 110፣ ሌላው 115፣ ከዚያ ድንገት የግራ ፓራፋንጎ 290 ካለ እዚያ ቦታ ላይ አንድ ቀን አንድ ነገር ተፈጥሯል፣ እንደገና ተቀብቷል። ከ1000 በላይ ካለማ ስቱኮ ነው።

ይህን ሁሉ ሲጨርሱ ፖሊሽ ገና አልተጀመረም። መኪናው ግን ከዚህ በፊት ታይቶ በማያውቅ ሁኔታ ይታያል። ጭረቱም፣ የተቀባውም፣ የቀጠነውም ሁሉ ፊት ለፊት ነው። ዝግጅት ሲያልቅ መኪናው በአብዛኛው ከበፊቱ የባሰ ይመስላል፤ አቧራውና ቅባቱ ሸፍኖት የነበረው ይወጣል። ደንበኛ በዚህ ሰዓት ከመጣ «አበላሹት እንዴ?» ይላል።

በኔ ሙያም ይህ ነገር አለ። ዳታ ከመተንተኑ በፊት ይጸዳል። ሁለት ጊዜ የተመዘገበን ረድፍ ማውጣት ማጽዳት ነው። ግራፉን የሚያጣምመውን እውነተኛ ረድፍ ማውጣትም በዚያው «ማጽዳት» በሚል ስም ይጠራል፣ በዚያው ፋይል ውስጥ፣ በዚያው ሰው እጅ። ከውጭ ስታዩት አንድ ነው። የመጀመሪያው ነገሩን እንዲታይ ያደርገዋል፣ ሁለተኛው እንዳይታይ።

እዚህ ላይ የአክስቴ ልጅ ይግባ። ቪትዙን ሊሸጥ ነው። ገዢው ተገኝቷል፤ ዕቁብ ደርሶት፣ የጎደለውን ከዘመድ ተበድሮ፣ መኪናውን ራይድ ሊሠራበት የሚፈልግ ልጅ። ቅዳሜ ሊያየው ቀጠሮ ይዟል። የአክስቴ ልጅ ሐሙስ ዕለት መኪናውን ወደ ጋሼ ይዞ መጣና «ጋሼ፣ እባክዎ አዲስ ያስመስሉልኝ» አላቸው።

ጋሼ አጠቡት፣ ለኩት፣ ሦስት መንገድ ነገሩት። አንደኛው፣ አሁን ያለበት ላይ ተውኩት፣ ውሰደው። ሁለተኛው፣ ጭረቱን የሚሞላ ቅባት አለ፤ ምንም አይፍቅም፣ ጉድጓዶቹ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ያበራል፣ ጥቂት ጊዜ ሲታጠብ ግን ይወጣል። ሦስተኛው፣ በማሽን በደንብ ተፍቆ ጭረቱ ከነአካቴው ይጠፋል።

የአክስቴ ልጅ ጨዋ ሰው ነው። ሁለተኛውን ሲሰማ ፊቱን አጨማደደ፤ «እሱማ ማጭበርበር ነው፣ ሦስተኛውን ያድርጉልኝ» አለ።

እኔም በመጀመሪያ ሲሰማ ትክክል መሰለኝ። ከተንኮለኛ ብርሃንና ከእውነተኛ ብርሃን እውነተኛውን መረጠ፣ ምን ይባላል? ነገር ግን የመለኪያው ቁጥር ነበረ፦ ኮፈኑ 85። ሌላው አካሉ 105 እና 110 ሲል ኮፈኑ 85 ነው። ከዚህ በፊት ተፖልሿል ማለት ነው፣ ምናልባትም ከአንድ ጊዜ በላይ፤ የአክስቴ ልጅ ራሱ ሲገዛው አዲስ የመሰለውም ያኔ በሻጩ ማይክሮን ሳይሆን በራሱ ማይክሮን ነበር። አሁን ደግሞ እሱ በተራው ከቀረው ላይ ሊቀንስ ነው። ብርሃኑን የሚሸጠው እሱ፣ ዋጋውን የሚቀበለው እሱ፣ የተላጠውን ኮፈን ከዓመታት በኋላ የሚያስቀባው ራይድ የሚሠራው ልጅ።

እንግዲህ ነገሩን ልብ በሉት። ሁለተኛው መንገድ ውሸት ነው፣ ግን ከመኪናው ምንም አይወስድም። ሦስተኛው እውነት ነው፣ ጭረቱ በርግጥ የለም፣ ግን የሌላ ሰው ንብረት ሊሆን ሁለት ቀን በቀረው ነገር ላይ የሚደረግ ወጪ ነው። ለገዢው የትኛው ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ውሸቱ ይሻለዋል የምልበት ቀን አለ። ይህ ነው ሳምንታት ያስቆዘመኝ። እውነተኛነት ብቻውን በቂ መመዘኛ ይመስለኝ ነበር፤ ሰው ሳይዋሽ ሌላውን ሊያከስር የሚችልበት ቦታ ቆርቆሮ ላይ አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅኩም።

የመደበቅ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ሮማዊው ሲሴሮ በ44 ዓመተ ዓለም አቴንስ ለሚማር ልጁ በጻፈው «ስለ ግዴታዎች» በተባለው መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል ላይ ሁለት የስቶይክ ፈላስፎችን ያከራክራል፤ የባቢሎኑን ዲዮጋንስና ተማሪውን አንቲጳጥሮስን። አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ረሃብ ወደ ገባባት ሮድስ ይደርሳል። ሌሎች መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆኑን እሱ ብቻ ያውቃል። ይንገር ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ከሱ በቀር ማንም የማያውቀው ጉድለት ያለበትን ቤት ይሸጣል። አንቲጳጥሮስ፦ ይናገር፣ ገዢው ሻጩ የሚያውቀውን ሁሉ ማወቅ አለበት። ዲዮጋንስ፦ ሕግ የሚያስገድደውን ጉድለት ይናገር፣ ከዚያ ውጭ ግን አለመናገር ሌላ፣ መደበቅ ሌላ። ሲሴሮ በመጨረሻ ወደ አንቲጳጥሮስ ያደላል። ዝም ማለት ሁልጊዜ መደበቅ አይደለም፤ ለራስህ ጥቅም ስትል፣ ማወቁ የሚጠቅመው ሰው እንዳያውቅ ስትፈልግ ግን ደበቅክ፣ ይላል።

ይህ መለኪያ ለመሙያው ቅባት በደንብ ይሠራል። ለማሽኑ ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም የአክስቴ ልጅ የሚደብቀው ነገር የለውም። ጭረቱን አልሸፈነም፣ አጠፋው። የጎደለው ነገር ደግሞ ሊብሬ ላይ አይጻፍም። ስንት ባለቤት እንዳለፈበት ይጻፋል፣ ስንት ጊዜ እንደተፋቀ አይጻፍም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስትና እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ቀጭን ኮፈን ግን ዛሬ ጉድለት አይደለም። ዛሬ ያበራል። ጉድለት የሚሆነው ነገ ነው።

የከብት ገበያ የምታውቁ ሰዎች ይህ ነገር አይገርማችሁም። በሬውን አጥቦ፣ ጭቃውን ከእግሩ አንስቶ የሚያመጣ ገበሬ አለ፤ ማንም አይከፋበትም፣ እንዲያውም ገዢው በሬውን በደንብ ያየዋል። ሌሊቱን ጨው አስልሶ ጠዋት ውሃ አጠጥቶ ሆዱን ሞልቶ የሚያመጣም አለ። እሱን ሁሉም ያውቀዋል፣ ስለዚህ ገዢው ሆዱን ትቶ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። እኔ ማጽዳትንና ማጭበርበርን የምለይበት መስመር እዚያ ነው ያለው፦ ያደረግከው ነገር ገዢው ራሱ ሲመረምር ዓይኑን ያጠራለታል ወይስ ያደበዝዝበታል? መታጠቡ፣ የብረቱ ብናኝ መውጣቱ፣ ክሌዩ፣ ሁሉም ዓይን የሚያጠሩ ናቸው። ከነሱ በኋላ የመጣ ገዢ ከሻጩ እኩል ያያል።

የአክስቴ ልጅ ግን ዝም ብሎ የሚሰማ አይደለም። «መኪናው እስኪሸጥ ድረስ የኔ ነው። በራሴ ንብረት ላይ የፈለግኩትን ባደርግ አንተን ምን አገባህ?» አለኝ። እውነት ነው፣ የሱ ነው። ዛሬ ፖልሾ ሦስት ዓመት ቢነዳው አንድ ቃል አልተነፍስም፤ ብርሃኑንም ወጪውንም የሚኖርበት ራሱ ነው። ሐሙስ ተፖልሾ ቅዳሜ ሲሸጥ ግን ብርሃኑ የሚያገለግለው አንድ ሰዓት ነው፤ ያቺን የመደራደሪያ ሰዓት። የቀረው ዕድሜ የገዢው ነው። ባለቤትነት ማለት እስከ ቅዳሜ ድረስ ነገሩን መጨረስ ይቻላል ማለት አይመስለኝም። ቤት ተከራይቶ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ታንከሩን ባዶ የሚያደርግ ሰው ውሃው ኪራዩ ውስጥ ነው ቢል መልስ የለኝም፤ ግን ጎረቤት እንዲሆነኝ አልፈልግም።

«ገዢውስ ራሱ ማስፖለሹ ይቀራል?» አለ ቀጥሎ። ሊያስፖልሽ ይችላል። ወይም ቀኑን ሙሉ አስፋልትና አቧራ ላይ የሚውል መኪና እንደሆነ አስቦ ጭረቱን ከነመልኩ ትቶ በገንዘቡ ጎማ ይገዛል። ምርጫው እንዲኖረው ማይክሮኑ መኖር አለበት።

ከባዱ ሦስተኛው ነው፤ እሱን እስካሁንም በደንብ አልመለስኩም። «ሁሉም አስፖልሾ ያመጣል። የኔ ብቻ ከነጭረቱ ከቆመ ገዢው ሐቀኛ ነው አይለኝም፣ መኪናውን ያልያዘ ሰው ነው ይለኛል» አለ። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ በኋላም በ2001 ኖቤል ሲሸለም የተጠቀሰለት ጽሑፍ ስለዚሁ ነው፤ ምሳሌውም ያገለገለ መኪና ነው። ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም አማካይ ዋጋ ይሰጣል፤ በዚያ ዋጋ ጥሩ መኪና ያለው ሰው አይሸጥም፣ ገበያው ውስጥ የሚቀረው መጥፎው ይሆናል። ስለዚህ ሐቀኛው ሻጭ የሚከስረው ገዢው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ገዢው የሚያይበት መንገድ ስለሌለው ነው።

የኛ ገበያ ደግሞ ጫናው ይብሳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። እዚህ ያለው ቪትዝ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ይኖራል እንጂ በቀላሉ በሌላ አይተካም። አንድ ኮፈን አራት አምስት ባለቤት ያያል፣ እያንዳንዱ ሻጭ ለቅዳሜው ሲል አንድ ጊዜ ያስፍቀዋል። ማንም አልዋሸም። ኮፈኑ ግን አልቋል።

ለአክስቴ ልጅ የነገርኩት ጀግና ሁን ብዬ አይደለም፤ የሱ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ከኔ ፍልስፍና ይቀድማል። አራተኛ መንገድ አለ ነው ያልኩት። ዝግጅቱ በሙሉ ይሠራ፤ ከዚያ ማሽኑ ይቅርና ሰም ይቀባ። ሰም አይፍቅም፣ ላዩ ላይ ስስ ሆኖ ተቀምጦ ውሃ ያንከባልላል። ጥቃቅኗን ጭረት ትንሽ ያለሰልሳታል፣ ይህን አልክድም፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ግን ጭረቱ እዚያው አለ። የፓራፋንጎውን 290 ደግሞ ንገረው። እሱን ሳትነግረው በጣቱ አንኳኩቶ ካገኘው የቀረውን ሁሉ አያምንህም።

ጋሼ ይህን ሁሉ ክርክር ጨርቃቸውን እያጠቡ ሲሰሙ ቆይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «ታዲያ ወሰናችሁ? መሽቷል።»

ሰሙ ተቀባ። ቅዳሜ ልጁ መጣ፣ ከወንድሙ ጋር። ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ጭረቱን አየ፤ ስለ ፓራፋንጎው ተነገረው፤ ጎማዎቹን ረገጠ፤ ሊብሬውን አገላበጠ፤ ሞተሩን አስነስቶ ጆሮውን ሰጠ። ዋጋ አስቀነሰ፣ የአክስቴ ልጅ ካሰበው በላይ። ስለ ቀለሙ ያሳየው ደስታም ሆነ ምስጋና አልነበረም፤ እንዲያውም ጭረቱን መደራደሪያ አደረገው። የአክስቴ ልጅ ያቺን የቀነሰችውን ብር ቡና በተፈላ ቁጥር ያነሳብኛል። አክስቴም ከሱ ጋር ናት።

ከጋሼ ጋር የተጣላው ግን ከዚያ በፊት ነበር፣ ሐሙስ ማታ ሒሳብ ሲጠየቅ። የጠሩት ዋጋ ለሙሉ ፖሊሽ ከሚጠይቁት ብዙም አይርቅም።

«ጋሼ፣ ፖሊሽ እኮ አላደረጉልኝም» አለ።

«ፖሊሹማ ማሽን ነው፣ ቶሎ ያልቃል» አሉት፣ የተበላሸውን ክሌይ ወደ ቆሻሻው እየወረወሩ። «ከጠዋት ጀምሮ ያጎነበስኩት ለዚህኛው ነው።»